«እምብዛም» ስንት ነው?

ደብዳቤው አጠር ብሎ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶባት በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ ሕመሙ ተነሥቶባት ሆስፒታል አድራለች። ሐኪሟ ቀዶ ጥገና እንድታደርግ መከሩን። አደጋ አለው ወይ ብለን ስንጠይቃቸው ‹ከባድ ችግር እምብዛም አያጋጥምም፤ ጠጠሩ ካልወጣ ግን ሕመሙ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም› አሉን። እኔ እፎይ ብዬ ወጣሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን ገና ኮሪደሩ ላይ እያለን ‹እምብዛም አሉ እንጂ በፍጹም አላሉም! እናቴን ለዕጣ አልሰጥም› ብሎ ጮኸብኝ። ፈሪ አልኩት። እሱም ‹አንቺ መገላገል ነው የፈለግሽው› አለኝ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነን፣ አንነጋገርም። እማዬ ምንም አትልም። ቀጣዩ ቀጠሮ በመጪው ሐሙስ ነው። ከሁለታችን ማን ነው ልክ?»

እህቴ፣ «መገላገል ነው የፈለግሽው» የሚለው ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት። እንዲህ ዓይነት ቃል አንዴ ከወጣ በኋላ መልሶ መዋጥ ይከብዳል። «ፈሪ» የሚለውም ቢሆን፣ እናቱን ማጣት ለሚፈራ ልጅ፣ ቀላል ስድብ አይደለም። ሁለታችሁም ተጎድታችኋል፣ ሁለታችሁንም ያናገራችሁ ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ እናታችሁን መውደድ።

ለጥያቄሽ ቀጥታ መልስ ልስጥሽ። ማናችሁ ልክ እንደሆናችሁ እኔም አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም። ለማወቅ የሚያስፈልገው ነገር ገና እጃችሁ አልገባም። ሐኪም ስላልሆንኩ ቀዶ ጥገናው ይደረግ ወይም ይቅር አልልሽም። የምነግርሽ ስለ አንድ ቃል ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ ከአንድ ሰው አፍ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምታችሁ፣ ሁለት የተለያየ ነገር ይዛችሁ ወጣችሁ። አንቺ «እምብዛም» ሲባል የሰማሽው ምናልባት ከ1,000 ሰው አንዱን ነው። ወንድምሽ የሰማው ምናልባት ከ10 ሰው አንዱን ነው። እስቲ አስቢው፤ ከ10 ሰው አንዱ ላይ ከባድ ችግር የሚያደርስ ነገር ቢሆን፣ ወንድምሽ ቆም ብለን እናስብ ማለቱ ፍርሃት ሊባል ነው? ከ1,000 አንዱ ላይ ቢሆንስ፣ አንቺ እፎይ ማለትሽ ችኮላ ነው? እያንዳንዳችሁ በሰማችሁት ቁጥር ልክ ተሰምቷችኋል። ቁጥሩን ግን ማንም አልነገራችሁም። እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ሞላችሁት፣ ከዚያ የሞላችሁትን ዶክተሩ የተናገሩት መሰላችሁ።

ይኼ የእናንተ ቤት ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። ሥራቸው ይኼው በሆነ ሰዎች ላይ እንኳ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1951 የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ. ባለሙያዎች፣ ሶቪየት ኅብረትና ተባባሪዎቿ በዚያው ዓመት ዩጎዝላቪያን ይወሩ ይሆን ወይ የሚለውን የሚመዝን ሪፖርት አወጡ። ድምዳሜያቸው ወረራው «በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባ ዕድል» ነው የሚል ነበር። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሸርማን ኬንት የተባለ የታሪክ ምሁር ነው። ሪፖርቱ ከተሠራጨ በኋላ አንድ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሹም ኬንትን፣ ያ አነጋገር በቁጥር ስንት ማለት እንደሆነ ጠየቀው። ኬንት በበኩሉ 65 ለ35 እንደሚመስለው፣ ማለትም ወረራው ከመቅረቱ ይልቅ መሆኑ እንደሚያመዝን ነገረው። ሹሙ ደነገጠ። እሱና ባልደረቦቹ የተረዱት ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር።

ኬንት ነገሩ አላስተኛው ብሎ ወደ ራሱ ሰዎች ተመለሰ። ሪፖርቱን አብረውት መርምረው የተስማሙትን አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ያንን ሐረግ ስትቀበል በልብህ ስንት ይዘህ ነበር? ዝቅተኛው 20 ለ80 አለ። ከፍተኛው 80 ለ20። የቀሩት በመካከል ተበታትነው ተገኙ። ቃል በቃል ተመካክረው የጻፉት ዓረፍተ ነገር ነው እኮ! ሁሉም ተስማምተናል ብለው ነው የወጡት። የተስማሙት ግን በቃሉ እንጂ በነገሩ አልነበረም። ኬንት ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ይህን ታሪክ ጽፎ ለየቃሉ ቁጥር እንዲመደብ ሐሳብ አቀረበ፤ «እርግጥ ለማለት ይቻላል» ሲባል 93 ከመቶ አካባቢ፣ «የመሆን ዕድሉ ያመዝናል» ሲባል 75 ከመቶ አካባቢ፣ እያለ። ብዙዎች አልወደዱለትም። ቁጥር ደረቅ ሆነባቸው።

እነዚያ ሰዎች አንድ ሐረግ ላይ ከ20 እስከ 80 ከተራራቁ፣ አንቺና ወንድምሽ ኮሪደር ላይ፣ ልባችሁ እየመታ፣ ብትራራቁ ምን ያስገርማል?

የእኛ ቋንቋ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። «አይቀርም» የሚለውን ውሰጂ። «ሞት አይቀርም» ስንል ፍጹም እርግጥ ነው። «ሳይመጣ አይቀርም» ስንል ግን ላይመጣ እንደሚችልም እናውቃለን፤ የሚጠብቀውን ሰው ተስፋ ለመስጠትም እንለዋለን፣ ሲመሽ ቆመንበት ልንቀርም እንችላለን። አንዱ ቃል በአንዱ ቦታ መቶ ከመቶ ነው፣ በሌላው ቦታ «ይመስለኛል» ከማለት ብዙም አይርቅም። «ምናልባት»ም እንደዚያው ነው። ሰው ልቡ እምቢ ብሎ አፉ ሲያፍር «ምናልባት ነገ እመጣለሁ» ይላል። ሌላው ደግሞ በእውነት ግማሽ በግማሽ ሲሆንበት ይለዋል። እርስ በርስ ስንተዋወቅ ከፊቱና ከድምፁ እንለየዋለን። አንድ ጊዜ ለ15 ደቂቃ ያገኘነውን ሐኪም ግን በምን እንለየዋለን?

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ እሱ ነው። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጮክ ብለሽ አንብቢያቸው። «ከባድ ችግር አንዳንዴ ያጋጥማል።» «ከባድ ችግር እምብዛም አያጋጥምም።» ተናጋሪው በሁለቱም አንድ ቁጥር ይዞ ሊሆን ይችላል። ግን የመጀመሪያው «ያጋጥማል» ብሎ ያልቃል፣ ሁለተኛው «አያጋጥምም» ብሎ። ጆሮ ደግሞ ማሰሪያውን ግስ ነው ይዞ የሚሄደው። አንቺ «አያጋጥምም»ን ይዘሽ ወጣሽ። ወንድምሽ «እምብዛም» ላይ ቆሞ ቀረ፣ ውስጡ የተደበቀውን «ያጋጥማል» ፈልቅቆ አወጣና «በፍጹም አላሉም» አለ። ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፤ ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ይዟል።

ይህን በጥናት የፈተኑ ሰዎች አሉ። ካርል ሃልቮር ታይገንና ቪቤከ ብሩን የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ሥራ፣ በማይግሬን ስለምትሰቃይና አዲስ ሕክምና ልትሞክር ስላሰበች ሴት ለሰዎች ተረኩ። ለአንዳንዶቹ ሕክምናው ሊረዳት የሚችልበት «የተወሰነ ዕድል አለ» ተባለ። ለሌሎቹ እንደሚረዳት «እርግጠኛ መሆን ያስቸግራል» የሚል ዓይነት ቃል ተሰጠ። ሁለቱ አነጋገሮች በቁጥር ስንት ይሆናሉ ሲባል ሰዎች የሰጡት ተቀራራቢ ነው፣ 30 ከመቶ ገደማ። ትሞክረው ወይስ አትሞክረው ሲባል ግን፣ «ዕድል አለ» የተባሉት ከ10 ሰው 9 ያህሉ ትሞክረው አሉ። «እርግጠኛ መሆን ያስቸግራል» የተባሉት ከ10 ሰው 3 ያህሉ ብቻ። ቁጥሩ ያው፣ ምክሩ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚባለው በትክክል እዚህ ላይ ይሠራል።

ወንድምሽን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ምናልባት ልብሽን ያለሰልስልሽ ይሆናል። የሚያስፈራ ነገር ሲሆን ያው ቃል በሰሚው ጆሮ ያድጋል። ዣን ፍራንስዋ ቦንፎንና ጋኤል ቪልዡቤር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ሐኪም «ምናልባት እንቅልፍ ያጣሉ» ሲልና «ምናልባት መስማት ያቅትዎታል» ሲል፣ ሰዎች ለሁለተኛው «ምናልባት» የሚሰጡት ግምት ከፍ ያለ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ልብ ይነካል። ሰሚው ሐኪሙ አዘነልኝ ብሎ ያስባል። ክፉውን ነገር በቀጥታ ላለመናገር ነው «ምናልባት» ያለው፣ በልቡ ግን የሚያውቀው አለ ብሎ ይጠረጥራል። እኛ ደግሞ ክፉ ወሬ በቀጥታ አይነገርም ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ መርዶ እንኳ አዟዙረን ነው የምንናገረው። ወንድምሽ የዶክተሩን «እምብዛም» ሲሰማ፣ «ሊያጽናኑን ነው እንጂ ነገሩ ከዚህ ይብሳል» ብሎ ተርጉሞት ቢሆንስ? ጠይቂው። እኔ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ፣ እና ይኼኛው «ሳይሆን አይቀርም» በቁጥር 60 ከመቶ ያህል ነው።

በሌላ አቅጣጫ ደግሞ እኔው ራሴ ተሳስቼ አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የደም ግፊት መድኃኒት ታዘዘልኝ። ማታ ካርቶኑን ከፍቼ ውስጡ ያለውን ወረቀት ዘረጋሁት፤ ያንን ስስ፣ ስምንት ቦታ የታጠፈ፣ በደቃቅ ፊደል የተሞላውን። «የተለመዱ የጎንዮሽ ጉዳቶች» ይልና በሥሩ ማዞር፣ ድካም፣ የእግር ማበጥ። የተለመደ! በእኔ አማርኛ የተለመደ ማለት አብዛኛው ሰው ላይ የሚታይ ነገር ነው። እንግዲያ ማዞሩ ለእኔም አይቀርልኝም ብዬ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አራት ቀን ሳልወስድ ቆየሁ። አምስተኛው ቀን ወደ ፋርማሲ ሄጄ ሌላ መድኃኒት የለም ወይ ስል፣ ፋርማሲስቷ ወረቀቱን ተቀበለችኝና በጣቷ ከላይ ያለውን አንድ መስመር አሳየችኝ። «የተለመደ፦ ከ10 ሰው ቢበዛ 1 ላይ ሊታይ የሚችል» ይላል። እኔ ያላየሁት መስመር። ለአራት ቀን መድኃኒቴን ያቋረጥኩት በአንድ ቅጽል ምክንያት ነው።

ያ መስመር ከየት እንደመጣ በኋላ ተረዳሁ። የአውሮፓ ኅብረት የመድኃኒት ወረቀቶች የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ። «በጣም የተለመደ» ከ10 ሰው ከ1 በላይ ነው። «የተለመደ» ከ100 ሰው ከ1 እስከ 10። «ያልተለመደ» ከ1,000 ሰው ከ1 እስከ 10። «እምብዛም የማይታይ» ከ10,000 ሰው ከ1 እስከ 10። «በጣም እምብዛም» ደግሞ ከዚያም በታች። በእንግሊዝ አገር ሰዎችን «የተለመደ» ስንት ይመስላችኋል ብለው የጠየቁ ተመራማሪዎች ያገኙት አማካይ ግምት 45 ከመቶ ገደማ ነው። ባለሙያው ከ10 በታች ሲል ሕዝቡ ግማሽ ሊጠጋ ምንም አልቀረው። ለ«እምብዛም»ም እንዲሁ፣ ሰው የሚገምተው ከመለኪያው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዶክተራችሁ «እምብዛም» ያሉት በዚያ መለኪያ ይሁን፣ ከራሳቸው የሥራ ልምድ ተነሥተው ይሁን፣ ወይስ እናንተን ለማረጋጋት፣ ከቃሉ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ መጠየቅ ነው።

አሁን ደብዳቤሽን ሳነብ ቶሎ ወደታየኝ ነገር ልምጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተጣላችሁት በዓረፍተ ነገሩ የመጀመሪያ ግማሽ ላይ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ማንም አላነሣውም። «ጠጠሩ ካልወጣ ግን ሕመሙ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።» መቼ ነው የሚመጣው? በሚቀጥለው ወር ነው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ነው? ሲመጣስ እንደ ከዚህ ቀደሙ አንድ ሌሊት አሳምሞ የሚሄድ ነው ወይስ ጠጠሩ መተላለፊያውን ዘግቶ ኢንፌክሽን ወይም የቆሽት ብግነት የሚያስከትል? ወንድምሽ «ለዕጣ አልሰጥም» ሲል፣ አለመሥራትም ዕጣ መሆኑ አልታየውም። ቀዶ ጥገናው ያለበት ቀን አደጋው ፊት ለፊት ይታያል፤ ማስፈረሚያ ወረቀት አለው፣ በር አለው፣ በሩ ጋ መጠበቅ አለ። መጠበቁ ግን ወረቀት አያስፈርምም። ስለዚህ አደጋ የሌለው ይመስላል። አንቺም ብትሆኚ ይህን ሳታነሺ ነው ወደ «ፈሪ» የሄድሽው።

በነገራችን ላይ፣ እስከ ሐሙስ ባለው ጊዜ እናትሽ ትኩሳት ካላቸው፣ ዓይናቸው ወይም ቆዳቸው ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ሕመሙ ለሰዓታት አልለቅ ካለ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ውሰዷቸው። እዚህ ላይ የምትከራከሩበት ምንም ቃል የለም።

ሐሙስ ለዶክተሩ ምን ትበያቸዋለሽ? ብዙ ሰው ቁጥር መጠየቅ ሐኪሙን አለማመን፣ ወይም ድፍረት፣ ይመስለዋል። አይደለም። በትሕትና እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ዶክተር፣ ባለፈው ‹እምብዛም› ሲሉን እኔና ወንድሜ ለየብቻ ተረዳነው። እንደ እናታችን ዓይነት ዕድሜና ጤና ያላቸው 1,000 ሰዎች ይህን ቀዶ ጥገና ቢያደርጉ፣ ከባድ ችግር የሚደርስባቸው ስንት ይሆናሉ?» ከዚያ ዝም በይ። መልሱን አንቺ አትሙዪላቸው። «በትክክል መናገር ይከብዳል» ካሉሽ፣ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ያኔ «ወደ 1 ይጠጋል፣ ወደ 10፣ ወይስ ወደ 100?» በያቸው። ትክክለኛውን ቁጥር የማያውቅ ሐኪም እንኳ ከእነዚህ ሦስቱ የትኛው እንደሚቀርብ ይነግርሻል፣ የእናንተ ጠብ ደግሞ ያለው በትክክል በእነዚህ ሦስቱ መካከል ነው።

«ከባድ» የሚለውንም አስፈቺው። ለአንዱ ከባድ ማለት ሁለት ቀን ተጨማሪ መተኛት ነው፣ ለሌላው ሁለተኛ ቀዶ ጥገና፣ ለወንድምሽ ሞት። ሦስቱ የተለያየ ቁጥር አላቸው። በተለይ እናትሽ ስኳር፣ ልብ፣ ደም ግፊት ካለባቸው ቁጥሩ እንዴት እንደሚቀየር ይጠየቅ። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ገልብጠሽ ጠይቂ፦ «ቀዶ ጥገናውን ሳያደርጉ ከሚቀሩ እንደ እሷ ያሉ 1,000 ሰዎችስ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ የሚመለስባቸው ስንት ናቸው? በአምስት ዓመት ውስጥስ?» ሁለቱም በ1,000 ይሁን። አንዱን ከ100፣ ሌላውን ከ1,000 ከሰማሽ ቤት ስትደርሱ ይምታታባችኋል።

ደግሞ «እጥፍ ይጨምራል»፣ «በግማሽ ይቀንሳል» የሚል አነጋገር ከመጣ፣ «ከስንት ወደ ስንት?» ሳትዪ አትነሺ። እ.ኤ.አ. በ1995 በእንግሊዝ አገር አንድ የመንግሥት የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ፣ አንዳንድ አዲስ የወሊድ መከላከያ ክኒኖች የደም መርጋትን አደጋ እጥፍ እንደሚያደርጉ አስጠነቀቀ። እጥፍ ሲባል አገሩ ደነገጠ፣ ብዙ ሴቶች ክኒናቸውን ጣሉ። ነገሩ በቁጥር ሲታይ ከ7,000 ሴቶች ከ1 ወደ 2 ማደጉ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ውርጃ እንደተከተለ ይገመታል። ውሸት የተናገረ ሰው አልነበረም። ከ1 ወደ 2 መሄድ እጥፍ ነው። ሰሚው ግን የቱን ያህል ትንሽ ነገር እንደታጠፈ አልተነገረውም።

ቁጥር ብቻውንም አይበቃም፣ «ከምን ውስጥ» የሚለው አብሮት ካልመጣ። ጌርድ ጊገረንዘር የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ የሚያነሣው ምሳሌ አለ። አንድ የአእምሮ ሐኪም ለድብርት መድኃኒት ሲያዝ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ላይ ችግር የመፍጠር ዕድሉ ከ30 እስከ 50 ከመቶ ነው ይል ነበር። ብዙ ታካሚዎች ይጨነቁ ነበር። በኋላ አነጋገሩን ቀይሮ «መድኃኒቱን ከማዝላቸው 10 ሰዎች ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ችግሩ ይገጥማቸዋል» ማለት ሲጀምር ሰዎቹ ተረጋጉ። ሲጠይቃቸው፣ አንዳንዶቹ የተረዱት ከራሳቸው ግንኙነት መካከል ከ30 እስከ 50 ከመቶው ይበላሻል ብለው ነበር። ሐኪሙ ሰዎችን እየቆጠረ ነበር፣ ታካሚው ሌሊቶችን። ስለዚህ «ከ1,000 ሰዎች» የሚለው ቃል ከጥያቄሽ እንዳይወድቅ።

ቁጥሩን ስታገኙ ወረቀት አውጡ። አራት ማዕዘን መስመር ያለው የሒሳብ ደብተር ገጽ ይሻላል። 1,000 ሳጥን ቆጥረሽ ክበቢና ዶክተሩ የነገሩሽን ያህል በእርሳስ አጥቁሪ። ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ ላለማድረጉ እንደዚያው። ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አስቀምጪ። ሰው፣ ለምሳሌ፣ 3 ጥቁር ሳጥን በ997 ነጭ መካከል በዓይኑ ሲያይ «እምብዛም»ን በጆሮው ከሰማበት ጊዜ የተለየ ነገር ይሰማዋል። ወንድምሽ ያን 3 አይቶ አሁንም ልቡ ሊመታ ይችላል፣ ምክንያቱም ከሦስቱ አንዷ እናቱ ልትሆን ትችላለች። ያኔ ፈሪ አትበዪው። ቁጥሩ ላይ ተስማምቶ በምርጫው መለያየት አለ፣ ያ ክርክር ደግሞ ከእስካሁኑ የተሻለ ነው፤ ምን ያህል ነው በሚል ሳይሆን ምን ያህሉን እንሸከማለን በሚል ነዋ የምትነጋገሩት።

እና የሚሸከሙት እናትሽ ናቸው። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ እሳቸው ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ምንም አትልም»። ዕድሜ የጠገበች እናት ልጆቿ በእሷ ምክንያት ሲኮራረፉ እያየች ምን ትበል? አንዱን ብትደግፍ ሌላውን ልታስቀይም ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር እሳቸውም ሰምተውታል። እሳቸው የሰሙት ስንት እንደሆነ የጠየቃቸው አለ? ምናልባት የሚፈሩት ማደንዘዣውን ብቻ ነው። ምናልባት ያንን የሌሊት ሕመም ሦስተኛ ጊዜ ከመቅመስ ማንኛውንም ነገር ይመርጣሉ። ምናልባት ደግሞ «አይቀርም» ሲባል ሌላ ነገር መስሏቸው ዝም ብለው እየተዘጋጁ ነው። ሦስቱም ይቻላል፣ ከዝምታቸው መለየት አይቻልም።

ስለዚህ እስከ ረቡዕ ማታ አትጠብቂ። ዛሬ ለወንድምሽ መልእክት ላኪ። አጭር ይሁን። ማን ልክ ነበር የሚል ነገር አይግባበት። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍለት ነበር፦ «ወንድሜ፣ ፈሪ ያልኩህ ከአፌ ማምለጥ አልነበረበትም፣ ይቅርታ። ዶክተሩ እምብዛም ሲሉ አንተ ስንት ሰማህ? እኔ የሰማሁት አንተ ከሰማኸው ሌላ ሳይሆን አይቀርም። ረቡዕ ማታ እማዬ ጋ እንገናኝና ለሐሙስ ጥያቄ እናዘጋጅ።» ስለ «መገላገል» ያለሽን አሁን አታንሺበት፤ ራሱ ያነሣዋል፣ ካላነሣውም እናትሽ ከተሻላቸው በኋላ የምትነጋገሩበት ጊዜ አለ።

ረቡዕ ማታ ሦስት ቁራጭ ወረቀት አዘጋጂ። በየወረቀቱ አናት ላይ «ከ1,000 ሰው ስንቱ?» ብለሽ ጻፊ። ማንም የማንንም ሳያይ፣ ዶክተሩ «እምብዛም» ሲሉ የገባውን ቁጥር ይጻፍ። መጀመሪያ ወረቀቱን ለእናትሽ ስጫቸው። ጽፈው ሲጨርሱ ደግሞ ወዲያው አትግለጪው፤ ለምን ያንን ቁጥር እንደጻፉ እስኪነግሯችሁ ድረስ አንቺም ወንድምሽም ዝም ብላችሁ አዳምጧቸው።